ብሮድዌይ ላይ አፄ ምኒልክ ፊት የቆመው ሰው

ስሙኝማ። ኒው ዮርክ ነው፤ ቴአትር ቤት ውስጥ፤ ዘመኑም ከመቶ ዓመት በፊት። አዳራሹ ጨልሟል። አንዲት ክብ ብርሃን የመጋረጃው ጠርዝ ላይ አርፋ ቆማለች። ሰው የለም። ሙዚቀኞቹ ይጠብቃሉ፤ ተመልካቹም ይጠብቃል። ከዚያ ነጭ ጓንት ያጠለቁ ጣቶች የመጋረጃውን ጫፍ ይዘው ብቅ አሉ። ትንሽ አመነቱ። ጣቶቹ እጅ አስከተሉ፣ እጁ ክንድ፣ ክንዱም ትከሻ። በመጨረሻ፣ ከኋላ የገፋው ያለ ይመስል፣ አንድ ረጅም ሰው ብርሃኑ ውስጥ ገባ። ልብሱ ያለቀለት ነው፤ ጫማው ከልኩ ሰፍቷል። እዚያ መገኘቱ ራሱ እንደ ጥፋት የሚቆጠርበት ይመስላል። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጣ። ገለጠ፤ የሚፈልገውን አላገኘም። ሌላ ገጽ ገለጠ፤ አሁንም የለም። አዳራሹ መሳቅ ጀምሯል፤ እሱ ግን ገና አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ገጹን ሲያገኘው ትሮምቦኑ አንድ ጊዜ አቃሰተ። ሰውዬውም ዘፈን ነው እንዳይሉት ንግግር፣ ንግግር ነው እንዳይሉት ዘፈን በሆነ ድምፅ፣ በችግሩ ቀን የደረሰለት ማን እንደሆነ ይጠይቅ ጀመር። መልሱ የዘፈኑ ርእስ ነው፤ «ማንም»።

ይህ ሰው በርት ዊልያምስ ይባላል። በዘመኑ የሙዚቃዊ ቴአትር ሐያስያን ስለ እሱ ብዙ ጽፈዋል፤ አንዳንዶቹም በአሜሪካ መድረክ ላይ ካለ ቀልደኛ ሁሉ አስበልጠውታል። እኔ ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ ሰውዬው ብቻ ሳይሆን ስለ ምስጋናውም ጭምር ነው። የመድረክ ሰው ሥራ መጋረጃው ሲወርድ ያልቃል። ሠዓሊ ሸራው ይቀርለታል፣ ደራሲ መጽሐፉ ይቀርለታል፤ ተዋናይ ግን የሚቀርለት ያየው ሰው የጻፈለት ነው። አንድ ሐያሲ «ድንቅ ነበር» ብሎ ካለፈ እኔ ከመቶ ዓመት በኋላ ለምመጣው አንባቢ ምንም አላስቀመጠልኝም። ጣቶቹ መጋረጃውን እንዴት እንደያዙ ከጻፈልኝ ግን ያንን ምሽት አወረሰኝ። ስለ በርት ዊልያምስ ከተጻፈው ምስጋና ውስጥ የዚህም የዚያም ዓይነት አለ። ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ እያመሰገነ የሚያሳንስ። እሱን ደረስ ስንል እናየዋለን።

በርት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1874 ናሳው፣ ባሃማስ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸውን ዓመታት በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ፤ በኛ የምቆጥራት አንዲት ቀን ብቻ ናት፣ ስትመጣ ታውቋታላችሁ። ቤተሰቡ ልጅ ሳለ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ እሱም ካሊፎርኒያ፣ ሪቨርሳይድ ውስጥ ተማረ። ቆዳው ቀላ ያለ፣ ቁመተ ረጅም፣ መጽሐፍ የሚወድ ወጣት ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ የሚያስፈልገን ነው። በ1893 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጆርጅ ዎከር ከሚባል የካንሳስ ልጅ ጋር ተገናኘ። ዎከር ፈጣን፣ ዘናጭ፣ ጥርሱ የማይከደን ዳንሰኛ ነበር። ሁለቱ ጥንድ ሆኑ።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1894፣ በዚያው ከተማ አንድ ታላቅ ዐውደ ርእይ ተከፈተ። ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከዳሆሜ፣ ሰዎች መጥተው በመንደር አምሳል በተሠራ ቦታ ለጎብኚ እንዲታዩ ታቅዶ ነበር። ሰዎቹ በጊዜው አልደረሱም። አዘጋጆቹም ጥቁር አሜሪካውያንን ቀጥረው «ዳሆሜዎች ናቸው» ብለው አሳዩ። ከተቀጠሩት መካከል ዊልያምስና ዎከር ይገኙበታል። እውነተኞቹ ዳሆሜዎች ሲመጡ ሐሰተኞቹ ተሰናበቱ። ሁለቱ ወጣቶች ግን ወደ ቤታቸው አልሄዱም። እየተመለሱ የእውነተኞቹን ዳሆሜዎች ዘፈንና ውዝዋዜ ቆመው ያዩ ነበር። ዎከር በ1906 በአንድ የቴአትር መጽሔት ላይ እንደጻፈው፣ መድረክ ላይ አፍሪካን ጉዳያቸው የማድረግ ሐሳብ የመጣላቸው ያኔ ነው። የኛም ስም ወደዚህ ታሪክ የሚገባበት መንገድ በዚህ ዐውደ ርእይ በኩል ነው የሚያልፈው።

ከዚያ በፊት ግን ዲትሮይት። በዚያ ዘመን የአሜሪካ መድረክ አንድ ክፉ ልማድ ነበረው፤ ነጭ ተዋንያን ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ ጥላሸት እየቀቡ ጥቁሩን ሰው ይሳለቁበት ነበር። ጥቁር ተዋንያንም መድረክ ለማግኘት ያንኑ ጥላሸት በራሳቸው ቆዳ ላይ መቀባት ግድ ይሆንባቸው ነበር። ዊልያምስና ዎከር የሚጠሩበት የማስታወቂያ ስምም አዋራጅ ነበር። በ1896 አካባቢ ዲትሮይት ውስጥ፣ ዎንደርላንድ በሚባል ቴአትር ቤት፣ በርት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አጠቆረና አንድ ዘፈን ሞከረ። ተመልካቹ ወደደለት። እሱ ራሱ ኋላ እንደጻፈው፣ ያን ዕለት ከራሱ ውጭ ሌላ ሰው አገኘ፤ ዕድለ ቢሱን፣ የሚያዘግመውን፣ ከሰማይ ሾርባ ቢዘንብ በእጁ ማንኪያ ሳይሆን ሹካ ይዞ የሚገኘውን ሰው። ጭምብሉ የሚያዋርድ ነበር፤ ከጭምብሉ ሥር ግን ልኩን የሚያውቅ ባለሙያ ተወለደ።

ልብ በሉልኝ ያልኩት እዚህ ላይ ይመጣል። ያ የመድረክ ሰው የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁር ገበሬ አነጋገር ነበረው። በርት ግን የካሪቢያን ሰው ነው፤ ያ አነጋገር ለሱ የባዕድ ቋንቋ ያህል ነበር፤ ቁጭ ብሎ አጥንቶታል። የእግሩ መጎተት፣ የትከሻው መውደቅ፣ ቃሉን ከሙዚቃው ምት ጀርባ ማስቀረቱ፣ ሁሉም ተለክቶ የተሠራ ነው። ብዙ ነጭ ሐያስያን ግን ምን ብለው አመሰገኑት? «ተፈጥሮው ነው፤ የዘሩ ስጦታ ነው» አሉ። እያመሰገነ የሚያሳንስ ያልኳችሁ ይህ ነው። ዓመታት የፈጀ ሙያን «እንዲሁ ነው የተወለደው» ማለት ለጆሮ ምስጋና ይመስላል፤ ለባለሙያው ግን ሥራውን ከእጁ መንጠቅ ነው። እኔ ይህንን አባባል በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ጥበብ ላይ ስሰማው ደሜ ይፈላል።

በየካቲት 1903 «ኢን ዳሆሜ» የተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር ኒው ዮርክ ውስጥ ተከፈተ። ጥቁሮች የጻፉትና ጥቁሮች የተጫወቱት ሙሉ ሙዚቃዊ ቴአትር በብሮድዌይ ትልቅ አዳራሽ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሙዚቃው የዊል ማሪዮን ኩክ ነበር። ጥቁር ተመልካች እንዲቀመጥ የተፈቀደለት ላይኛው ሰገነት ላይ ብቻ ነው፤ የዘር ብጥብጥ ይነሣል ብለው የፈሩም ነበሩ። የተነሣው ጭብጨባ ነው። ከዚያ ወደ ለንደን ተሻገሩ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ለአንድ ትንሽ ልዑል ዘጠነኛ ልደት ተጫወቱ። ያ ልጅ ኋላ ኤድዋርድ 8ኛ የተባለው ንጉሥ ነው።

አሁን ወደኛ እንምጣ።

የካቲት 13 ቀን 1898 ዓ.ም.፣ በነሱ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1906። የአድዋ ድል ዐሥረኛ ዓመቱን ሊደፍን ዐሥር ቀን ብቻ ቀርቶታል። አዲስ አበባ ላይ አፄ ምኒልክ በዙፋናቸው አሉ። ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ መጥቶ የንግድ ውል ከተፈራረመ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ኒው ዮርክ ውስጥ ደግሞ፣ ኮሎምበስ ሰርክል በነበረው ማጀስቲክ ቴአትር ቤት፣ መጋረጃው ተከፈተና መድረኩ ላይ ኢትዮጵያ ታየች። የቴአትሩ ስም «አቢሲኒያ» ነው። ድርሰቱና ግጥሙ የጄሲ ሺፕና የአሌክስ ሮጀርስ፣ ሙዚቃው የኩክና የራሱ የበርት ዊልያምስ። ፏፏቴ አለ፤ ገበያ አለ፤ እውነተኛ ግመሎችና አህዮች መድረኩን ያቋርጣሉ። ይህን ሁሉ መድረክ ላይ ለማቆም ጥንዶቹ የጠየቁትን ገንዘብ የቀድሞ አስተዳዳሪዎቻቸው እምቢ ብለዋቸው ሌላ ባለገንዘብ ነበር የፈለጉት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ራስተስ ጆንሰን የሚባል የካንሳስ ሰው፣ ዎከር የሚጫወተው፣ ሎተሪ ይደርሰዋል። ዘመድ ወዳጁን ሰብስቦ ጉዞ ይወጣል፤ ጉዞውም የአባቶች ምድር ወደሚላት ወደ አቢሲኒያ ይደርሳል። ወዳጁ ጃዝሚን ጄንኪንስ፣ ዊልያምስ የሚጫወተው፣ ገበያ ውስጥ አንዲት ልጅ ያያል። ልጅቱን የምትጫወተው አይዳ ኦቨርተን ዎከር ናት፤ የጆርጅ ሚስት፣ የዘመኑ ታላቅ ዳንሰኛና የቡድኑን ውዝዋዜ የምታዘጋጅ ባለሙያ። ጃዝሚን ልጅቱን ደስ ለማሰኘት ብሎ አንድ የአበባ ማስቀመጫ ያነሣል። ይያዛል። ለሌብነት ቅጣቱ እጅ መቆረጥ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ይቀርባል። ፍርዱ የሚነገረው በቃል ሳይሆን በደወል ምት ነው፤ የምቶቹ ቁጥር እጁ መቅረቱን ወይም ነጻ መውጣቱን ያሳውቃል።

እስቲ ያንን ቦታ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ደወሉ ይመታል። ዊልያምስ ዝም ብሎ ይቆጥራል። እንደገና ይመታል። በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለችው ዝምታ የሱ ናት። እጁ ሊቆረጥ ይችላል፤ እጁን ማየት ይፈልጋል፤ ማየት ይፈራል። ይህ ሰው ጣቶቹን ብቻ አሳይቶ አዳራሽ የሚያስቅ መሆኑን አስታውሱና ያቺን ዝምታ ምን እንደሚያደርጋት ገምቱ። ለኔ የ«አቢሲኒያ» ልብ ያለው እዚህ ነው። ያ ሁሉ ግመልና ፏፏቴ የተሰበሰበው አንድ ሰው ዝም ብሎ እንዲቆም ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ እኛን በተለይ ሊያስደስተን የሚገባ። በዚያ ቴአትር ውስጥ ኢትዮጵያውያኑ የሚናገሩት በተከበረና በተስተካከለ እንግሊዝኛ ነው። የተሰባበረውን አነጋገር የሚናገሩት፣ የሚሳሳቱት፣ የሚያስቁት ከአሜሪካ የመጡት እንግዶች ናቸው። ምኒልክን የሚያወድስ ዘፈንም አለበት። አፍሪካን ለመሳለቂያ ብቻ ይጠራት በነበረ መድረክ ላይ፣ ሕግ ያለው መንግሥት፣ ችሎት ያለው ንጉሥ ታየ። አንዳንድ ነጭ ሐያስያን ይህ አልተዋጠላቸውም። ጥቁር ተዋንያን ይህን ያህል ትልቅ ነገር ከሚሠሩ የለመድነውን ቢያሳዩን ይሻል ነበር የሚል መንፈስ ነበረው ቅሬታቸው። ለበርት ግን ሁሉም እጃቸውን ሰጡ። «ማንም» የተባለው ዘፈኑ በዚህ ቴአትር ውስጥ ይዘፈን ነበር፤ በ1906ም በሸክላ ተቀረጸ። «አቢሲኒያ» ብሮድዌይ ላይ የታየው 31 ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ ይነገራል፤ ያሳዝናልና። በ1908 «ባንዳና ላንድ» የተባለ ሥራ አሳዩ። ዎከር ታመመ፤ መድረክ ላይ ቃሉ ይጠፋው ጀመር። መድረኩን ሲተው ሚስቱ አይዳ የወንድ ልብስ ለብሳ ሚናውን ተጫወተችለት። በ1911 ሞተ። በርት ብቻውን ቀረ።

በ1910 ፍሎረንዝ ዚግፌልድ በታወቀው «ፎሊስ» ትርኢቱ ውስጥ አስገባው። ነጭ ተዋንያኑ ከጥቁር ጋር አንሠራም ብለው አስፈራሩ። ዚግፌልድ እናንተን ሁላችሁንም መተካት እችላለሁ፣ እሱን ግን መተካት አልችልም ብሎ መለሰላቸው ይባላል። ቆዩ። በርትም እስከ 1919 ድረስ አልፎ አልፎ እያረፈ ከዚያ ትርኢት ጋር ዘለቀ። ከጥቁሮቹ ቴአትር ወገን የራሳችንን መድረክ ጥሎ ሄደ ብለው ያዘኑ ነበሩ፤ ሐዘናቸው ይገባኛል፣ ከሱና ከዎከር በኋላ የዚያ ዓይነት ትልቅ ሥራ ለዓመታት ተቀዛቅዟልና። በዚያው በ1910 ደግሞ የጥቁር አሜሪካውያን መሪ የነበረው ቡከር ዋሽንግተን በአንድ መጽሔት ላይ፣ ይህ ሰው በሳቁ ለወገናችን እኔ ካደረግሁት የበለጠ አድርጓል ሲል ጻፈ።

አሁን ደግሞ እውነተኛውን ሐያሲ ላስተዋውቃችሁ። ሄይውድ ብሩን ይባላል፤ የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ነው። ብሩን በርት ዊልያምስ መድረክ ላይ ቆሞ አንድ ተረት ሲናገር ሰማው። ተረቱ እንዲህ ነው። አንድ ሰባኪ መንገድ ላይ ሳለ ይመሽበትና መናፍስት አለበት የሚባል ባዶ ቤት ገብቶ እሳት ያነዳል። መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ተቀመጠ። አንዲት ድመት ገባች፤ እሳቱ ውስጥ ገብታ ፍም ላይ ተቀመጠች። ቀጥሎ ከሷ የሚበልጥ ድመት መጣ። ምን እናድርገው ብሎ ጠየቃት፤ ማርቲን እስኪመጣ ምንም ማድረግ አንችልም አለችው። ሌላ መጣ፤ ከዚያም ይበልጣል። ጥያቄው ያው፣ መልሱ ያው፤ ማርቲን ይምጣ። ሰባኪው በመጨረሻ ተነሣና፣ ማርቲን ሲመጣ ጠብቄው ጠብቄው ሄድኩ በሉልኝ ብሎ ወጣ።

ይህን ተረት ማንም ሊናገረው ይችላል። የኛም አያቶች ሌሊት እሳት ዳር የዚህ ዓይነቱን ያወጉን ነበር። ብሩን የጻፈው ግን ተረቱ ጥሩ ነው ብሎ አይደለም። በባዶ መድረክ ላይ ሰባኪውን አየነው፣ ቤቱን አየነው፣ እየተከታተሉ የሚገቡትን የመናፍስት ሰልፈኞች አየናቸው ብሎ ነው የጻፈው። ያለ ምንም ዕቃ፣ ያለ ምንም ሥዕል፣ በድምፁና በዓይኑ ብቻ። እነሆ ምስጋና። ይህ ሐያሲ ስለ ዘር ተፈጥሮ አላወራም፤ አንድ ባለሙያ በአንድ ምሽት ምን እንደሠራና እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ምን እንደሆነ ነገረን።

ሌላው የተመሰገነለት ሥራ ደግሞ አንድም ቃል የሌለበት ነው፤ የካርታ ጨዋታው። ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ካርታ የለም፣ ተጫዋችም የለም። በባዶ እጁ ይበውዛል፣ ለማይታዩት ሰዎች ያድላል። የራሱን ድርሻ ደረቱ ላይ አስጠግቶ በዝግታ ይገልጣል። ዓይኑ ይበራል፤ ከዚያ መብራቱን ያዩበት እንደሆነ ብሎ ፊቱን ይደብቃል። ገንዘብ ያስይዛል። አንዱ ይጨምርበታል። ይሄኔ ጥርጣሬ በአንደኛው ቅንድቡ ይጀምራል። የሚያልቀው ሁልጊዜ በመሸነፍ ነው። በ1917 ትርኢቱን የተቀላቀለው ኤዲ ካንተር፣ ኋላ ታላቅ ቀልደኛ የሆነው፣ ከዚህ ሰው ብዙ እንደተማረ ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር ኖሯል።

ይኸው ካንተር ያወጋው ሌላ ነገርም አለ። ከትርኢት በኋላ ሆቴል ሲገቡ ተመልካቹ ቆሞ ያጨበጨበለት ሰው የሚገባው በዕቃ ማመላለሻው አሳንሰር ነበር። በርት ስለዚህ ሲናገር፣ ጭብጨባው ገና ጆሮዬ ላይ ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ባልከፋኝ አለ ብሏል ካንተር። በ1919 ተዋንያን ሥራ ባቆሙ ጊዜም ማኅበራቸው ጥቁር ስለማይቀበል የነገረው አልነበረም። ቴአትር ቤት ሄዶ፣ ፊቱን ተቀብቶ፣ ልብሱን ለብሶ ሲወጣ አዳራሹ ባዶ ሆኖ እንዳገኘው ተጽፏል። በጋዜጣ የሚወደስ ሰው በሥራ ባልደረቦቹ ዘንድ እንዲህ ይረሳ ነበር። በ1918 በጻፈው ጽሑፍ፣ ጥቁር መሆን የሚያሳፍር ሆኖ አግኝቶት እንደማያውቅ፣ አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ እንደማይመች ገልጿል። ከዚህ በላይ አላማረረም።

በየካቲት 1922 መጨረሻ «አንደር ዘ ባምቡ ትሪ» የተባለ ቴአትር ይዞ ዲትሮይት ገባ፤ ያ ጥላሸት መጀመሪያ ፊቱን የነካበት ከተማ። ሳንባው ታሞ ነበር። መድረክ ላይ ወደቀ። ተመልካቹ የጨዋታው አካል መስሎት ሳቀ። ወደ ኒው ዮርክ ተወስዶ መጋቢት 4 ቀን በ47 ዓመቱ ሞተ። በማግስቱ ዓመት ስለ እሱ በወጣው መጽሐፍ ላይ መቅድሙን የጻፈው ዴቪድ ቤላስኮ ነው፤ የብሮድዌይ ታላቅ አዘጋጅ።

የሐያስያኑን ቃል በዓይናችን የምናመሳክርበት ጥቂት ነገር ተርፏል። በ1916 የተሠራ አጭር ድምፅ አልባ ፊልም አለ፤ መጨረሻው ላይ በርት እስር ቤት ተቀምጦ ያንን የካርታ ጨዋታ ብቻውን ይጫወታል። በ1913 ተቀርጾ ሳይጠናቀቅ የቀረ ሌላ ፊልም ደግሞ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ግምጃ ቤት ተገኝቶ በ2014 ለሕዝብ ታየ። ሁለቱንም ፈልጋችሁ እዩ፤ እጆቹን እዩ። የጥላሸቱን ነገር ሳትረሱ እዩ፤ ተዋናዩን አሳንሶ ለማሳየት የተቀባ ነውና። ጣቶቹ የሚናገሩት ግን ሐያስያኑ የጻፉለትን ነው።

እኔ የምመኘው አንድ ነገር አለ። የ«አቢሲኒያ» ዘፈኖች በኖታ ታትመዋል። የኛ ብሔራዊ ቴአትር ኦርኬስትራና መድረክ አለው፤ አገር ፍቅርም አለ። በአድዋ በዓል ሰሞን ያቺን የችሎት ትዕይንት አንድ ምሽት መድረክ ላይ ቢያቆሟት እመኛለሁ። ለአፄ ምኒልክ ሚና ተዋናይ አናጣም፤ ይህን ሚና በሚገባ የተጫወቱ ሰዎች አሉን። የሚቸግረው ለጃዝሚን ነው። በደወሉ ምቶች መካከል ምንም ሳያደርግ አዳራሹን በእጁ ሊይዝ የሚችል ሰው ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ተዋናይ ሲገኝ ደግሞ የፊተኛው ረድፍ ላይ ብዕሩን ይዞ የተቀመጠ፣ ያየውን አንድ በአንድ የሚጽፍ ሐያሲ።